ጾመኛው ላፕቶፕ

እኔ በጂን፣ በሙት መንፈስ፣ ሲመሽ መንገድ ዳር ቆማ በምትጣራ ሴት ወሬ አምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። መካነ ሰላም ላይ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሞተ ላፕቶፕ አስነሳለሁ፣ ሰው "ዓይን በልቶት ነው" ብሎ ያመጣልኝን ማሽን ከፍቼ የበረሮ ቤተሰብ አውጥቼበት አውቃለሁ። እናቴ እንኳ "አንቺ ያላየሽውን አታምኚም፣ ያየሽውንም ትጠራጠሪያለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። እና አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ አትሳቁብኝ፣ ወይም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ ምክንያቱም ይህን ባወራሁ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል፣ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ደስታ የሚመስል ነገርም አለበት።

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። የወሎ ቦረናን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ ተንፏቆ ይመጣና ከተማዋን ይሸፍናታል፣ ከማዶ ያለው ሱቅ ጠፍቶ አምፖሉ ብቻ ይታያል። እንዲህ ባለ ጠዋት አስካለ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። አስካለ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ እኔና እሷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተማርን ጓደኛሞች ነን፣ አባቷ ካረፉ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም።

"ሰዓዳዬ፣ የአባቴ ድምፅ ጠፋብኝ" አለችኝ፣ ገና ጃንጥላዋን ሳትዘጋ።

አባቷን መሪጌታ ላቀውን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ዜማ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ቤት ጀርባ ስለነበር እኛ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች እንኳ ማኅሌት ቆመው ያደሩበትን ቀን በድምፃቸው መጎርነን እናውቅ ነበር። መጋቢት ላይ ድንገት አረፉ። አስካለ ያን ሳምንት ደሴ ስልጠና ላይ ነበረች፣ ስትሮጥ ስትመጣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸባትና ለቀብሩ እንኳ አልደረሰችም። የአባቷን ፊት ሳታይ፣ ድምፃቸውን ሳትሰማ ቀረች። በስልኳም የቀዳችው ነገር የለም፣ ምክንያቱም አይፈቅዱላትም ነበር፣ "ስልክ ሐሜት ሲወራበት የሚውል ዕቃ ነው፣ ዜማ አይቀመጥበትም" ይሏታል። ላፕቶፑን ግን ወደዱት። እሷው ናት የገዛችላቸው፣ አንድ የመቅጃ ፕሮግራም ተጭኖላቸው ቀይዋን ምልክት እየተጫኑ ዜማቸውን ሁሉ ቀዱበት። እንግዲህ የመሪጌታ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ስለዚች ማሽን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሪጌታ ላፕቶፑን የተቀበሉ ዕለት ቀኑን አይተው "ይህ የማን ዘመን ነው?" አሉ፣ የፈረንጅ ነው ስትላቸው "እንግዲያው ፈረንጅ ቤት ሲሄድ ይቁጠረው፣ እኔ ቤት የእኔን ይቆጥራል" ብለው ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አስገቡት። በየወሩ መባቻ ራሳቸው ያስተካክሉታል። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውምና ዘግተው ሳጥን ውስጥ ይቆልፉታል፣ "መስከረም ሲጠባ ትወጣለህ" ይሉታል። በዚህ ያበቃ መሰላችሁ? አስጾመውታል! ረቡዕና ዓርብ፣ በፍልሰታማ በየቀኑ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይከፈትም። አንዳንዴ ሱቄ ጎራ ይሉና በመቋሚያቸው ጫፍ በሩን ኳ አድርገው "ሰዓዳ ልጄ፣ አለሽ?" ይላሉ፣ ከዚያ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "ይህ ልጅ ጾሙን ለምዷል፣ አሁን ብትነካኪውም አይነሳልሽም" ይሉኛል፣ እኔም "መሪጌታ፣ እንግዲያው ረመዳንን እኔ ጋ ያሳልፋ" እላቸዋለሁ፣ እንስቃለን።

የአስካለ ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ እሱም የማንኛችንም ስህተት ሊሆን የሚችል ነው። ላፕቶፑን ሰሞኑን ከሳጥኑ አውጥታ ስትከፍተው ኢንተርኔት አልሠራ አላት፣ ቀኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ ነው ብላ አስተካከለችዋ፣ የፈረንጁን አስገባች። መቅጃው ፕሮግራም በአንድ ጀምበር ስምንት ዓመት ሲያልፍበት የተፈቀደልኝ ጊዜ አልቋል ብሎ ጥርቅም አለ። ቀኑን መልሳ ብታስገባውም አልተታለለም። የመሪጌታ ዜማዎች ደግሞ በእሱ ካልሆነ በሌላ በምንም አይከፈቱም።

"አብሽሪ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አልኳት፣ እውነትም ቀላል ነበር። ኮምፒውተር ደህና በሆነበት ሰዓት የራሱን አኳኋን በሆነ ቦታ ያስቀምጣል፣ እኛ ሪስቶር ፖይንት እንለዋለን፣ ሲበላሽ ወደዚያ ቀን መመለስ ነው። ፋይል አይነካም፣ የተቀዳ ድምፅ አይጨምርም አይቀንስም፣ ፕሮግራሞቹን ብቻ እንደነበሩ ያደርጋቸዋል። ይህን በሺህ ማሽን ላይ ሠርቼዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን ማሽኑ አልተነሳም። ቁልፉን ብጫነው ዝም፣ ቻርጀሩን ብቀይር ዝም። ባትሪው ቀድሞ የሞተ ነው፣ የቻርጀሩ ቀዳዳም ላልቷል፣ ገመዱን በእጅ ጠበቅ አድርገው ካልያዙት አይነካካም፣ ይዤው እንኳ ዝም። እስከ ምሳ ሰዓት ታገልኩት። ብሎን መፍቻ አንስቼ ሆዱን ልከፍተው ስል አስካለ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና "ዘጠኝ ሰዓት አልሆነማ" አለች። እስቃለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቁ አልመጣልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንድ ገበሬ መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ነበር። ከኋላዬ እእእ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዞር ስል አስካለ ገመዱን ይዛ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ እየዞረ፣ ስክሪኑ በርቷል።

"ነክተሽዋል?" አልኳት።

"ገመዱን ብቻ ነው የያዝኩት፣ በእመቤቴ!"

እርጥበት ነው አልኩ ለራሴ፣ ጉሙ ገብቶበት ነው፣ አሁን ቤቱ ሲሞቅ ደረቀ። ሰውዬውን ሸኝቼ ዝናቡ ስለባሰ በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። የመመለሻ ቀኖቹን ዝርዝር ከፈትኩት። ሁሉም በመሪጌታ አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር ግን ሁሉም ድሮ፣ መቅጃው ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት የሆኑ ስለነበሩ አይረቡንም። ከሁሉም በላይ አንድ አለ። ሌሎቹን ማሽኑ ራሱ በእንግሊዝኛ ስም አውጥቶላቸዋል፣ ይህኛው ግን በአማርኛ ነው የተጻፈበት፣ "ደህና ሳለሁ" ይላል።

ወላሂ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፣ መሪጌታ ይህን መቼ ተማሩት ብዬ አደነቅሁ። አስካለ ግን ቀኑን በጣቷ ነካችው፣ ፊቷ ገረጣ።

"ሰዓዳ፣ ይሄ እኮ ያው መጋቢት ነው፣ ግን ከተቀበረ በኋላ ነው።"

"ተማሪዎቹ ነክተውት ይሆናላ።"

"እንዴት አድርገው? ካረፈ ጀምሮ እኔ እስካወጣው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ቁልፉም እናቴ አንገት ላይ ነው ያለው። ደግሞ አባቴ በማሽኑ አማርኛ መጻፍ አይችልም፣ ከቀይዋ ምልክትና ቀን ከማስተካከል ሌላ የሚያውቀው የለም።"

ማሽኑ ቀኑን አሳስቶት ነው አልኳት፣ እኔም ልመን አልመን ሳላውቅ። ለማንኛውም ሌላ ምርጫ የለንም፣ የሚጠቅመን እሱ ብቻ ነው። ገመዱን አስካለ በሁለት እጇ ያዘችው። "እንዳትለቂው፣ መሐል ላይ ከጠፋ ማሽኑም ድምፁም አብሮ ሊሄድ ይችላል" ብዬ አስጠነቀቅኋት። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት።

ስክሪኑ ወደ ቀድሞው ሁኔታ በመመለስ ላይ ነኝ፣ አታጥፉኝ የሚለውን ማስታወቂያ አወጣ። እየጠበቅን ሳለ ከጥግ በኩል ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ። ሄጄ ባየው ውሃ ነው። ድሮ የሚያፈስ ቦታ ነበር፣ ቁራጭ ጀሪካን አስቀምጥበት የነበረ፣ ሰኔ ላይ ቆርቆሮውን አስቀይሬ ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላየሁበትም። አሁን እዚያችው ቦታ ላይ ያፈሳል። ሠሪውን በልቤ እየሰደብኩ ተመለስኩ።

"ዳቦ ሸተተኝ" አለች አስካለ። "ሳልቀምስ ስለዋልኩ ይሆናል።"

እኔ ምሳዬን በልቻለሁ፣ እኔንም ሸተተኝ! ትኩስ፣ አሁን ከእሳት የወጣ ዳቦ። ግድግዳ የሚለየን ዳቦ ቤት ነበር፣ ባለቤቱ ፋሲካ ላይ ዘግቶ አጅባር ከተማ ገብቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ጓጉንቸሩ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሁለታችንም ግድግዳውን አየነው። በዚህ ጊዜ ፍርሃት አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ልቤ እንደ ልጅ እየዘለለ ነው፣ አንድ ነገር ሊሆን ነው፣ ሊሆን ነው ይለኛል፣ እኔ እኮ ነኝ፣ በምንም የማላምነው ሰዓዳ!

ከዚያ በረንዳው ላይ ሰው ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሁለት እርምጃ፣ ኳ፣ ሁለት እርምጃ፣ ኳ። የመቋሚያ ድምፅ ነው። በዚህ አገር መቋሚያ ይዞ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፣ ግን አስካለ አንገቷን ቀና አድርጋ የምታዳምጥበትን አኳኋን ብታዩት ኖሮ ሌላ ሰው ነው አትሉም ነበር።

"አረማመዱ" አለች በሹክሹክታ።

በሩ ጋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማኅሌት አድረው ሲመጡ እንደሚጠርጉት። የበሩ ግርጌ ኳ አለ።

"ሰዓዳ ልጄ፣ አለሽ?"

ያ ረቢ! ድምፁን እኔ አልስተውም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ጸጉሬ ቆመ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ደግሞ ሳቅ ሳቅ ይለኛል፣ ይህን እንዴት ብዬ እንደማስረዳችሁ አላውቅም።

"ክፈቺለት!" አለች አስካለ። "ሰዓዳ፣ ክፈቺለት እንጂ! እኔ ገመዱን ይዣለሁ!"

እግሬ አልታዘዘኝም። በሩ ከእኔ በእጅ መዳረሻ ነው ያለው፣ እጄን ዘርግቼ መቀርቀሪያውን መሳብ ብቻ ነው፣ ግን እጄ ጭኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አስካለ እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ ገመዱን አየች። ስክሪኑ ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። እስካሁን የማልረሳት ያችን ደቂቃ ነው፣ የአባቷ ድምፅ በእጇ ውስጥ ነው፣ ብትለቀው ይጠፋል፣ አባቷ ራሳቸው ደግሞ ከበሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመዋል።

"ምን አባቱ!" ብላ ገመዱን ለቀቀችው።

ስክሪኑ ጨለመ። እሷ በሩን በረገደችው፣ በሩም ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፣ ይህንንም ልብ በሉልኝ፣ ሐምሌ ላይ ማጠፊያውን ካስቀየርኩት ወዲህ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። "አባ! አባዬ!" ብላ ተጣራች። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፣ ማዶ ያለው አምፖል ነው። ደፉ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ እያየች ደጋግማ ተጣራች፣ የሚመልስላት አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ እግሬ ተፈታልኝና ተነስቼ ትከሻዋን ይዤ ወደ ውስጥ መለስኳት፣ በሩን ዘጋሁ፣ "ነይ ተቀመጪ፣ ማንም የለም" አልኳት። የዳቦው ሽታ የለም። ጠብታውም ቆሟል፣ ወለሉ ደርቆ አይደለም፣ ጭራሽ እርጥበት ነክቶት የማያውቅ ነው።

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። "ሁለቱንም አጣሁ" አለች። እኔ ሥራዬ ነውና ገመዱን ራሴ ይዤ ማሽኑን አስነሳሁት፣ በጌታ፣ ተነሳ። መመለሱ አልተሳካም፣ ምንም የተቀየረ ነገር የለም ይላል። እንግዲህ በሥራችን ሕግ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ነው ማለት ነው። መቅጃውን ፕሮግራም ተስፋ በመቁረጥ ነካሁት፣ ተከፈተ! አስካለ ብድግ አለች። ዜማዎቹን አንድ በአንድ ሞከርናቸው፣ አንዱም አልነቃነቅ አለ። ከሁሉም ሥር ግን ስም ያልወጣለት አንድ ቅጂ አለ፣ ቀኑ ያ "ደህና ሳለሁ" የተባለው ቀን ነው። እሱ ሠራ።

መጀመሪያ የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። "የበልግ ዝናብ ይሆናል" አልኩ፣ መጋቢት ላይ ይዘንባልና። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ ኳ። ሁለት እርምጃ፣ ኳ። ጉሮሮ ተጠረገ። "ሰዓዳ ልጄ፣ አለሽ?" አስካለ እጄን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባብኝ። ከዚያ ከርቀት፣ ከግድግዳ ወዲያ፣ የሴት ድምፅ፣ "ክፈቺለት! ሰዓዳ፣ ክፈቺለት እንጂ!" የራሷ የአስካለ ድምፅ ነው። ከበሩ ውጭ ሆኖ የተቀዳ ነው፣ ገብቷችኋል? እኛን ነው የሚቀዳው! በሩ ሲጢጥ አለ፣ "አባ! አባዬ!" የሚለው ጩኸቷ ከቅርበቱ ብዛት ስፒከሩን አንዘረዘረው። ወዲያው፣ ከሱ ይበልጥ ቀረብ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ "አለሁ" አሉ መሪጌታ።

አስካለ ስቃ አለቀሰች፣ አልቅሳ ሳቀች፣ አቅፋኝ ሱቁ ውስጥ አዞረችኝ። "መልሶልኝ ነበር! አልሰማሁትም እንጂ መልሶልኝ ነበር!" ትላለች። እኔም አብሬያት እዘላለሁ፣ ሁለት የድሮ ጓደኛሞች እንደ ሕፃን። እና በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ቅጂው አልቆመም፣ እየሄደ ነው፣ እሷ አታዳምጠውም፣ የእኔ ጆሮ ግን እዚያው ቀርቷል። ውስጡ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። መቅጃው ውጭ ቀርቶ ቢሆን ዝናቡ እንደዚያው መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ታፈነ፣ ቤት ውስጥ ሲሰሙት እንደሚሆነው ሆነ። "ነይ ተቀመጪ፣ ማንም የለም" የሚለው የእኔ ድምፅ ደግሞ ጥርት ብሎ፣ አጠገብ ሆኖ ተሰማኝ። ገመዱን ነቀልኩት። "እዚህ ጋ ያበቃል" አልኳት።

ላፕቶፑን አቅፋ ደስ ብሏት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዜማዎቹን የሚያስከፍት ባለሙያ ደሴ እንፈልግ ስላት "ይቆይ፣ አይቸኩልም" ትለኛለች፣ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያችን አንዲት ቅጂ ታዳምጣለች፣ ጥቁሯንም አውልቃለች፣ መልኳ ተመልሷል፣ ሰው ሁሉ ተጽናናች ብሎ ደስ ብሎታል።

ትናንት ደወለችልኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"ሰዓዳ፣ ያን ቀን አብረን ስንሰማው ስንት ጊዜ ነበር 'አለሁ' ያለው?"

"አንድ ጊዜ" አልኳት።

"ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት" አለች። "አንቺ ጋ ሰው አለ እንዴ?" አልኳት።

"እናቴ ከላላ ወረዳ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች" አለች፣ ከዚያ ሰው አጠገቧ ተኝቶ እንዳትቀሰቅሰው እንደፈራች ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "በቃ፣ ቆይቼ እደውልልሻለሁ" ብላ ዘጋችው። ይህን የምጽፍላችሁ ስልኳን እየጠበቅሁ ነው።